አምስት የእንግሊዝ ቀሚሶች፦ ዘመን የማውጣት የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ጠረጴዛው ላይ አምስት ቀሚሶች አሉ። አምስቱም ብሪታንያ ውስጥ በፋብሪካ ተሰፍተው ከሱቅ መስቀያ ላይ የተሸጡ ናቸው፤ በልክ የተሰፋ የለም። ሥራው ለእያንዳንዳቸው ሁለት ዓመት ማውጣት ነው፦ «ከዚህ በፊት ሊሰፋ አይችልም» የሚባለውንና «ከዚህ ወዲያ የተሰፋ አይመስልም» የሚባለውን። የመጀመሪያው በማስረጃ ይቆማል፤ ሁለተኛው ምንጊዜም ግምት አለበት። ዓመቶቹና ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የምንሠራበት ሕግ አንድ ነው፦ ቀሚስ ከክፍሎቹ ሁሉ ታናሽ የሆነውን በዕድሜ አይበልጥም። ጨርቁ የ1950፣ ዚፑ የ1966 ከሆነ ቀሚሱ የተሰፋው በ1966 ወይም ከዚያ ወዲህ ነው። ነገር ግን ዚፑ ከቀሚሱ ጋር አብሮ የተሰፋ እንጂ በኋላ የተቀየረ አለመሆኑ አስቀድሞ መረጋገጥ አለበት። አብዛኛው ስሕተት የሚገባው በዚህ በር ነው።

1ኛ ቀን። ሳይታጠብ፣ ሳይተኮስ

ቀሚሶቹ አልታጠቡም። ማጠብ የሚፈለገውን ሁሉ ይወስዳል፦ ስፌቱ ውስጥ የቀረ የኖራ ምልክት፣ ኪስ ውስጥ የተረሳ ቁራጭ ካርድ፣ የታጠፈ ጠርዝ የተወው መስመር። መተኮስም እንደዚያው ነው፤ የድሮ እጥፋት አንዴ ከተተኮሰ አይመለስም።

ለእያንዳንዱ ቀሚስ ከ1 እስከ 5 ቁጥር ተሰጥቶ በነጭ የጥጥ ክር ታስሯል። መርፌ ቁልፍ አልተጠቀምንም፤ ይዝጋል፣ ክሬፕ በሚባለው ሸካራ ስስ ጨርቅ ላይም የማይጠፋ ቀዳዳ ይተዋል። የተዘጋጁት ዕቃዎች እነዚህ ናቸው፦ 10 እጥፍ የሚያጎላ መነጽር፣ በአንድ ወገን ኢንች በሌላው ሴንቲሜትር ያለው የልብስ ሰፊ ሜትር፣ ወረንጦ፣ ትንሽ መቀስ፣ የእጅ ባትሪ፣ እርሳስ። እስክሪብቶ ወደ ጠረጴዛው አይቀርብም።

አምስቱም ተገልብጠው ከውስጥ በኩል ፎቶ ተነሡ። ቅደም ተከተሉ ለሁሉም አንድ ዓይነት ነው፦ አንገት፣ ትከሻ፣ የግራ ጎን ስፌት፣ የወገብ ስፌት፣ ዚፕ፣ ጠርዝ። የግራ ጎን ለብቻው የሚጠራው በምክንያት ነው። የጨርቁን ዓይነትና አጣጠቡን የሚናገሩት ትንንሽ ጽሑፎች ብዙ ጊዜ የሚሰፉት እዚያ ነው፤ የአንገቱን ማርካ የቆረጠ ሰው ጎኑን ይረሳዋል።

ልክ ሲወሰድ ቀሚሱ ተዘርግቶ ደረቱ ከብብት እስከ ብብት ተለክቶ በሁለት ተባዛ። ቁጥር 3 ላይ «14፣ ዳሌ 38» የሚል ጨርቅ አለ። በ1960ዎቹ የእንግሊዝ 14 ቁጥር ለደረት 36፣ ለዳሌ 38 ኢንች ነበር፤ ዛሬ ያንን ሰውነት ሱቆች 12 ብለው ይሸጡለታል። ስለዚህ የቁጥር ጽሑፍ ለገዢ መለኪያ አይሆንም፣ ለዘመን ግን ፍንጭ ይሰጣል። ቁጥር 1 ላይ «ደብሊው ኤክስ» የሚሉ ፊደላት አሉ። ሰፋ ላለች ሴት ማለት ነው፤ «ደብሊው» መካከለኛዋ፣ «ኦ ኤስ» ከዚያም የሰፋችው ናት።

2ኛ ቀን። ቁጥር 1፣ ሰማያዊ የሬዮን ክሬፕ

ሬዮን ከእንጨት የሚሠራ ክር ነው። አንገቱ ላይ የአምራች ስም የለም። ያለው ሲሲ41 የሚባለው ምልክት ብቻ ነው፦ ሁለት ክቦች፣ እያንዳንዳቸው አንድ ቁራሽ እንደተነሣለት ድፎ ዳቦ፣ አጠገባቸው 41 ቁጥር። እንግሊዞቹ ራሳቸው «አይቦቹ» ይሉት ነበር። መንግሥት በጦርነቱ ጊዜ ጥራቱንና ዋጋውን በቆጣጠረው ልብስ ላይ ያስደርግ የነበረ ማኅተም ነው።

እዚህ ላይ ሻጮች በየቀኑ የሚሠሩት ስሕተት አለ፤ 41 ስላዩ ብቻ «የ1941 ቀሚስ» ብለው ይጽፋሉ። 41 ዕቅዱ የተጀመረበት ዓመት ነው እንጂ ቀሚሱ የተሰፋበት አይደለም። ምልክቱ ዕቅዱ እስካበቃበት እስከ 1952 ድረስ ሲሰፋ ኖሯል። በማርካው ብቻ ከሄድን የምናገኘው 11 ዓመት ስፋት ያለው መልስ ነው፤ ማጥበቡ ለስፌቱ ይቀራል።

ከ1942 ጀምሮ የወጡት ትእዛዞች ፋብሪካ በአንድ ቀሚስ ላይ የሚያውለውን ነገር ወስነው ነበር፦ ከ2 ኪስ፣ ከ5 ቁልፍ፣ በጉርዱ ላይ ከ6 ስፌት እንዳይበልጥ፤ ወደ አንድ ወገን የሚተኙ እጥፎች ከ4፣ ፊት ለፊት የሚጋጠሙ ከ2 እንዳያልፉ። ቆጠርን። ቁልፍ 7፣ ኪስ 2፣ የጉርድ ስፌት 8። ይህ ቀሚስ ገደቡ በጸናበት ጊዜ የተሰፋ አይደለም።

ቀጥሎ ርዝመቱ። ከወገብ ስፌት እስከ ጠርዝ 78 ሴ.ሜ ነው፤ ባት ላይ የሚደርስ። በጦርነቱ ጊዜ ጉርድ ከጉልበት ጥቂት ዝቅ ብሎ ይቆም ነበር። የረዘመው ከ1947 ወዲህ፣ ከፓሪስ የመጣው ረጅምና ሰፊ ጉርድ እንግሊዝ ከደረሰ በኋላ ነው። ግን ርዝመት ለብቻው አይታመንም፤ አጭር የነበረ ቀሚስ ጠርዙ ተፈትቶ ሊረዝም ይችላል። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ጠርዙ ከነበረበት ወርዶ ከሆነ በጨርቁ ዙሪያ አንድ የታጠፈ መስመር፣ ከሱ አጠገብ ባዶ የመርፌ ቀዳዳዎች፣ ከመስመሩ በታች ደግሞ ፀሐይ ያልነካው ደመቅ ያለ ቀለም ይታያል። መነጽሩ ሦስቱንም አላገኘም። ወደ ውስጥ የታጠፈው 6 ሴ.ሜ ጨርቅም በመጀመሪያው ክር እንደተያዘ ነው።

ዚፕ የለውም፤ የግራ ጎኑ በመንጠቆና ጠቅ በሚሉ የብረት ቁልፎች ይዘጋል። ዚፕ ስላልነበረ ያረጀ ነው ማለት አይቻልም፤ ርካሽ ቀሚስ ከጦርነቱ በኋላም እንዲሁ ይዘጋ ነበር።

የቁጥር 1 መልስ፦ 1947–1952።

በነገራችን ላይ የዚያ ዘመን ልብስ በጥገና የተሞላበት ምክንያት አለ። ከሰኔ 1 ቀን 1941 እስከ መጋቢት 15 ቀን 1949 ድረስ ልብስ በኩፖን ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ለአንድ ሰው የተሰጠው 66 ኩፖን ሲሆን የሬዮን ወይም የጥጥ ቀሚስ 7፣ የሱፍ ቀሚስ 11 ይበላ ነበር። እንዲህ ያለ ቀሚስ ሲጠብ ይሰፋል፣ ኮሌታው ሲያልቅ ይገለበጣል። የ1940ዎቹን ልብስ የሚመረምር ሰው አንድም ጥገና ካላገኘ ደግሞ ቢያይ ይሻላል።

3ኛ ቀን። ቁጥር 2፣ የሆሮክስስ ጥጥ

የአንገቱ ማርካ «ሆሮክስስ ፋሽንስ» ይላል። ሆሮክስስ የፕሬስተን ከተማ የጥጥ ፋብሪካ ነበር፤ የተዘጋጀ ቀሚስ የሚሸጠው ክፍሉ የተቋቋመው በ1946 ነው። የመጀመሪያው ዓመት ተገኘ። ማርካው በአራቱም ማዕዘን በጥጥ ክር ተሰፍቷል፣ ክሩም ከአንገቱ ገበር ክር ጋር አንድ ነው፤ ከሌላ ልብስ ተነቅሎ የመጣ አይደለም።

ችግሩ ዚፑ ነው። ናይሎን ነው፣ ነጭ፣ የተስተካከለ። ናይሎን ዚፕ በእንግሊዝ ቀሚስ ላይ የተለመደው ከ1960ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ነው፤ ከዚያ በፊት የነበረው የብረት ጥርስ ነው፣ ብዙ ጊዜም መጎተቻው ላይ «ላይትኒንግ» ወይም «ኤሮ» ተጽፎበት። ሕጉን በጭፍን ብንከተል ይህ ቀሚስ የ1965 ሊባል ነው። ወገቡ የጠበቀ፣ ጉርዱ የተኮማተረ፣ ዚፑም በጎን ነው፤ ሁሉም ነገር 1950ዎቹን ሲመሰክር ዚፑ ብቻ ይቃወማል።

ከዚፑ ዳር ያለው ጨርቅ በመነጽር ታየ። ሁለት ረድፍ ቀዳዳ አለ፤ ክር ያለበትና ባዶው። ባዶው ረድፍ በ1 ኢንች ውስጥ 12 ቀዳዳ አለው፤ የቀሚሱ ሌላ ስፌትም ልክ 12 ነው። ክር ያለበት ረድፍ 9 ነው፣ ክሩም የሚያብለጨልጭ ፖሊስተር ነው፤ የቀሩት ስፌቶች ክር ፈዛዛ ጥጥ ነው። ከዚፑ ግርጌ፣ የወገቡ ማጠናከሪያ ጥብጣብ ሥር፣ 4 ሚ.ሜ የሚሆን የድሮ የጥጥ ዚፕ ጨርቅ ተቆርጦ ቀርቷል። ነገሩ አለቀ፤ ዚፑ ጥገና ነው፣ ከሂሳቡ ይወጣል።

የስፌት ብዛት በኢንች መቁጠር ከሁሉም የረከሰ፣ ከሁሉም የታመነ መሣሪያ ነው። አንድ ፋብሪካ ውስጥ በአንድ ቀን የተሰፋ ቀሚስ ከላይ እስከ ታች ተቀራራቢ ቁጥር ይሰጣል። የተለየ ቁጥር ባለበት ቦታ የሌላ ሰው እጅ አለ።

ጥገናን ለመለየት ጥቁር መብራት የሚባለውን የአልትራቫዮሌት መብራትም ሞከርን። አዲሱ ክር ደምቆ በራ፣ የድሮው ደበዘዘ። ሆኖም በዚህ መብራት ዘመን ማውጣት አይቻልም። የዱቄት ሳሙና የሚያነጣ ኬሚካል ስላለበት አሮጌ ጥጥ ከታጠበ በኋላ እንደ አዲስ ሊበራ ይችላል።

የጉርዱ ጠርዝ ዙሪያ 3.6 ሜትር ነው። ይህን ያህል ጨርቅ በኩፖን ዘመን ባይከለከልም ዓይን የሚስብ ነበር፤ ከ1949 ወዲህ ይበልጥ ያሳምናል። ከዚህ በላይ ማጥበብ የሚቻለው በሕትመቱ ነው። የአበባው ንድፍ በየስንት ሴንቲሜትሩ እንደሚደገም ተለካ፤ 32 ሆነ። ቀለሞቹም ተቆጠሩ፤ 5 ናቸው። ይህን ይዞ የዘመኑን የመጽሔት ማስታወቂያ ማገላበጥ ነው። የለንደኑ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየምና የፕሬስተኑ ሃሪስ ሙዚየምም የዚህ ፋብሪካ ቀሚሶች አሏቸው። «ይመሳሰላል» ማስረጃ አይደለም። ድግግሞሹ፣ የአበባው አቅጣጫና የቀለም ብዛቱ ሦስቱም ሲገጥሙ ብቻ ነው «ያው ነው» የሚባለው፤ ያኔም ቢሆን አንድ ንድፍ በሁለትና በሦስት ቀለም ይታተም ስለነበር መደቡ ቢለያይ አይገርምም።

እስኪገኝ ድረስ የቁጥር 2 መልስ፦ 1949–1958።

4ኛ ቀን። ቁጥር 3፣ ማርካው የተቆረጠ

ብርቱካናማ፣ ቀጥ ያለ፣ እጅጌው አጭር፣ ከኋላ ናይሎን ዚፕ ያለው። የስፌት ብዛቱ ዚፑ ላይም ጎኑ ላይም እኩል ነው፤ ዚፑ የራሱ ነው። ስለዚህ ከ1960ዎቹ አጋማሽ በፊት አናወርደውም።

ጨርቁ ወፈር ያለ፣ የማይጨማደድ ሹራብ መሰል ነው፤ በእጅ ሲዳሰስ ክሪምፕሊን የተባለውን ሰው ሠራሽ ጨርቅ ይመስላል። ለማረጋገጥ ከውስጥ የስፌት ትርፍ ላይ 1 ሴ.ሜ ክር ተመዘዘ። በወረንጦ ተይዞ፣ ከቀሚሱ ራቅ ብሎ፣ ውሃ ባለበት የብረት ሳህን ላይ ተቃጠለ። ከእሳቱ ሸሸ፣ ቀለጠ፣ ጥቁር ጭስ አወጣ፣ ሲቀዘቅዝ በጥፍር የማይፈርስ ጥቁር ጠጠር ሆነ። ፖሊስተር ነው። ጥጥና ሬዮን እንደ ወረቀት ሸትተው ለስላሳ ግራጫ አመድ ይሆናሉ። ሱፍ እንደ ተቃጠለ ጸጉር ይሸታል፣ የቀረውም በጣት ይደቅቃል። አሲቴት የተባለው ሰው ሠራሽ ክር ይቀልጣል፣ የኮምጣጤ ሽታ አለው፣ በአሴቶንም ይሟሟል፤ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ሲገዛ ታዲያ አሴቶን ያለበት መሆኑ ይታይ፣ የሌለበት ምንም አያሳይም። የተቀላቀለ ክር ሁለቱንም ጠባይ ስለሚያሳይ የርዝመቱ ክርና የወርዱ ክር ለየብቻ ይፈተናሉ።

ክሪምፕሊን የቴሪሊን ልጅ ነው። ቴሪሊን በ1941 እንግሊዝ ውስጥ ተገኝቶ በኋላ አይ ሲ አይ የተባለው ኩባንያ ያመረተው ፖሊስተር ሲሆን፣ ክሪምፕሊን ያው ክር እንዲያብጥና እንዲጠቀለል የተደረገ ነው። የነገሠው በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት አለበት፦ «ቴሪሊን»፣ «ትራይሴል»፣ «ኮርቴል» የሚሉ ጨርቆች ልብስ ላይ ተሰፍተው ሲገኙ የቀሚሱ አምራች ስም አይደሉም፣ የክሩ ስም ናቸው። ይህን የማያውቅ ሻጭ «ትራይሴል የተባለ ፋሽን ቤት» ብሎ ይጽፋል።

የቀኑ ትልቁ ግኝት ኪስ ውስጥ ነበር፤ «79/11» የተጻፈበት ቁራጭ ካርድ። 79 ሽልንግ ከ11 ፔንስ፣ አንድ ፔኒ ጎድሎ 4 ፓውንድ። ብሪታንያ ሽልንግን ትታ ወደ መቶኛ ፔንስ የገባችው የካቲት 15 ቀን 1971 ነው። ዋጋው በአሮጌውም በአዲሱም ተጽፎ ቢሆን ከመሸጋገሪያው ወራት ይሆን ነበር፤ አሮጌው ብቻ ስላለ ከዚያ ይቀድማል። ካርዱ የዚሁ ቀሚስ መሆኑን ግን ማመን አይቻልም ነበር፤ ኪስ የሰው ነው። የረዳን ካርዱ ላይ የተጻፈው ቁጥር 14 መሆኑና በቀዳዳው የቀረው ብርቱካናማ ክር ከቀሚሱ ስፌት ጋር መግጠሙ ነው።

የቁጥር 3 መልስ፦ 1965–1970። አምራቹ አልታወቀም።

5ኛ ቀን። ቁጥር 4፣ ሴንት ማይክል

ቶሎ ያለቀ ነው። ሴንት ማይክል የማርክስ ኤንድ ስፔንሰር የራሱ ማርካ ሲሆን በ1928 ተመዝግቦ እስከ 2000 ቆይቷል፤ ብቻውን ምንም አይነግረንም። የጎኑ ጽሑፍ ግን ይናገራል፦ የክሩ ድርሻ በመቶኛ፣ ልክ በሴንቲሜትርና በኢንች፣ የማጠቢያ ገንዳ ሥዕል ላይኛው ክፍሉ 5 ታችኛው 40 ያለበት።

የክር ድርሻ እንዲጻፍ የሚያዘው የብሪታንያ ደንብ የወጣው በ1973 ነው፤ በየልብሱ የታየው ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊትም በፈቃዳቸው የሚጽፉ ነበሩ፤ ስለዚህ ይህ ብቻውን አያስርም። ገንዳው ላይ ያለው 5 የአጣጠብ መደብ ቁጥር ነው፤ በ1980ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ቁጥሮቹ ቀርተው ከገንዳው ሥር በሚሰመር መስመር ተተኩ። ቁጥር አለ፣ መስመር የለም።

የቁጥር 4 መልስ፦ 1974–1986።

እግረ መንገድ፣ የአሜሪካ መመሪያ ይዞ የእንግሊዝ ቀሚስ መመርመር ስሕተት ያወርሳል። አሜሪካ ውስጥ የአጣጠብ ጽሑፍ ከ1972 ጀምሮ ግዴታ ስለሆነ እዚያ ጽሑፉ አለመኖሩ ትርጉም አለው። ብሪታንያ ውስጥ ግን በሕግ ግዴታ ሆኖ አያውቅም፤ በ1980 የተሰፋ ቀሚስ ያለ አጣጠብ ጽሑፍ ቢገኝ አያስገርምም። «አር ኤን» የሚል ቁጥር ወይም የአሜሪካ ልብስ ሰፊዎች ማኅበር ማርካ ያለበት ቀሚስም ለአሜሪካ ገበያ የወጣ እንጂ የዚህ ጠረጴዛ ጉዳይ አይደለም።

6ኛ ቀን። ቁጥር 5፣ ቢባ

ጥቁር መደብ ላይ ወርቃማ ጽሑፍ። ባርባራ ሁላኒኪ የመሠረተችው ቢባ የመጀመሪያ ሱቁን ለንደን አቢንግደን ሮድ ላይ የከፈተው በ1964 ነው። በ1973 ኬንሲንግተን ሃይ ስትሪት ላይ ወደነበረው ባለ ብዙ ፎቅ ሕንጻ ገብቶ በ1975 ተዘጋ። ለአጥኚ የታደለ ማርካ ነው፤ መጀመሪያም መጨረሻም አለው።

ወጥመዱ ስሙ ከተዘጋ በኋላ ተሸጦ ከአንድ ጊዜ በላይ እንደገና መነሣቱ ነው። የ2000ዎቹ ቢባ ቀሚስ በ1970 ስም ይሸጣል። ስለዚህ ከማርካው ይልቅ ከሥሩ ያለው ይታያል። የኋለኛው ቢባ የክር ድርሻ፣ ባለ መስመር ገንዳና የተሠራበት አገር የተጻፈበት ረጅም ነጭ ጨርቅ በጎኑ ይኖረዋል፤ ከተቆረጠም ጉቶው ስፌቱ ውስጥ ይቀራል። የግራው ጎን በወረንጦ ተከፍቶ ታየ፤ ጉቶ የለም።

አሰፋፉም ይመሰክራል። ትከሻው ጠባብ፣ ብብቱ ወደ ላይ የተቆረጠ፣ እጅጌው እስከ ክርን የተጣበቀ ነው፤ ቢባ በዚህ ይታወቅ ነበር። 10 ቁጥር የሚል ማርካ ያየ ሰው ዛሬ 10 ለሚለብስ ገላ እንዳይገዛው፤ ክንድ አያስገባም። ርዝመቱ ከትከሻ 138 ሴ.ሜ፣ እስከ ቁርጭምጭሚት ነው። ይህን ያህል መርዘም የተለመደው ከ1960ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ስለሆነ መልሱ 1969–1975 ነው።

7ኛ ቀን። ወረቀት

ለአምራቾቹ የተገላበጡት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ የኩባንያ መዝገብ ቤቱ ማውጫና ኪሳራና መዝጊያ የሚታወጅበት የለንደን ጋዜት። የምዝገባ ዓመት የሚሰጠው ስሙ በሕግ መቼ እንደተወለደ ነው፤ ማርካው ከኩባንያው ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ሊጀምር ይችላል፤ መዝጊያውም ከታወጀ በኋላ መጋዘን ውስጥ የቀረው ልብስ ይሸጣል። ሁለት ዓመት ወዲህና ወዲያ መተው ይሻላል።

የድሮ ማስታወቂያ ሲገኝ ዋጋውና ስልኩ አስቀድመው ይነበቡ። በጊኒ የተጻፈ ዋጋ፣ ማለትም በ21 ሽልንግ፣ ከ1971 በፊት ነው። በሦስት ፊደል የሚጀምር የለንደን ስልክ ቁጥር ደግሞ በአኃዝ ብቻ መተካት የጀመረው በ1966 ነው።

የቀረው ቁጥር 3 ነው። ማርካው ቢቆረጥም ቦታው አለ፤ ከአንገቱ ሥር ፀሐይና ላብ ያልነካው ደማቅ ብርቱካናማ መስክ፣ 58 በ22 ሚ.ሜ፣ ሁለቱ አጫጭር ጎኖቹ ላይ ብቻ የመርፌ ቀዳዳ ያለው። አንድ ጥግ ላይ 3 ሚ.ሜ የምትሆን የማርካው ጨርቅ በክሩ ተይዛ ቀርታለች፤ መደቧ ክሬም፣ ጠርዟ ላይ አረንጓዴ ክር። ልኩና ፎቶው ከቁጥሩ ጋር ተመዝግቦ ተቀምጧል፤ በሁለት ጎን የተሰፉ ክሬም ማርካዎችን ከዚህ ልክ ጋር ማስተያየት ነገ ይጀመራል።